ስለ ዕውቀት አደራ

ሰው ያወቀውን ነገር ለብቻው ይዞ ቢቀመጥ በደል ይሆንበታልን? ወይስ ዕውቀቱ በድካሙ ያገኘው ሀብቱ ስለ ሆነ፥ ሲወድ ይሰጣል፥ ሳይወድ ይከለክላል? ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። አባቶቻችን መድኃኒት ዐዋቂውን፥ ወጌሻውንና አንጥረኛውን እያዩ ሲጠይቁት የኖሩት ነው። በዘመናችን ግን ከጐጆ ወጥቶ ወደ ላቦራቶሪ ስለ ገባ፥ እንደ ገና ልንመረምረው ይገባናል።

በአገራችን መድኃኒት ዐዋቂ ሥር ሲምስ ሰው እንዲያየው አይወድም። ቅጠሉን ወቅጦ፥ ከሌላ ቅጠል ጋር ቀላቅሎ፥ መልኩ እንዳይታወቅ አድርጎ ይሰጣል። መድኃኒቱ ከተነገረ ኀይሉን ያጣል ይባላል። ይህን የሚል ሰው ሁሉ አታላይ ነው ብዬ አልፈርድም፤ ልጆቹን የሚያሳድግበት ሌላ ርስት የሌለው ሰው ምስጢሩን እንደ ርስት ቢጠብቅ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ሽማግሌው በሞተ ጊዜ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ለልጁ ሳይነግር ከሞተ ርስቱ አብሮት ይቀበራል፤ ነግሮት ከሞተም ልጁ ከሰማው ውስጥ ግማሹን ረስቶ፥ ግማሹን አሳስቶ ይይዛል። ከዚህም የሚብስ ጉዳት አለ። ምስጢር የሆነውን ነገር የሚመረምረው ስለሌለ፥ የሚያድነው መጠንና የሚገድለው መጠን ሳይለይ ለትውልድ ይተላለፋል። ኮሶ ሲበዛ ምን እንደሚያደርግ የቀድሞ ሰዎች ያወቁት በብዙ ጉዳት ነው።

የዛሬ ሊቃውንት ከዚህ ጋር የሚቃረን አንድ ልማድ አላቸው። የሕያዋንን አካል የሚያጠኑ ሰዎች ያገኙትን ነገር በየመጽሔቱ ማሳተም አልበቃ ብሏቸው፥ ማንም ያለ ዋጋ ሊያየው በሚችል በጋራ ማከማቻ ውስጥ ያኖሩታል። በአማርኛ የመረጃ ቋት እንለዋለን። ይህን ቃል ያወጣ ሰው ይመስገን፤ ቋት እናቶቻችን ዱቄት የሚያኖሩበት ዕቃ ነውና፥ ወደዚያ የሚገባው እህል አስቀድሞ መለቀም፥ መበጠርና መፈጨት እንዳለበት ቃሉ ራሱ ያስታውሰናል።

ወደዚህ ቋት ከሚገቡት ነገሮች አንዱ የሕይወት ሥራ መንገድ ነው። ምን ማለት እንደ ሆነ በጠጅ ላስረዳ። ማር በውሃ ተበጥብጦ፥ ጌሾ ገብቶበት በጋን ሲቀመጥ፥ ከጥቂት ቀን በኋላ ይፈላል፤ ጣፋጭ የነበረው አስካሪ ይሆናል። ጠጅ የጣለችው ሴት አንድ ለውጥ ብቻ የተደረገ ይመስላታል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። እርሾው የማሩን ስኳር ወደ አልኮል የሚለውጠው ባንድ ጊዜ ዘሎ ሳይሆን በደረጃ ነው፤ አስቀድሞ ዐሥር ደረጃ ይወርዳል፥ ከዚያም ሁለት ይጨምራል። በየደረጃው ኤንዛይም የሚባል አንድ ልዩ ሠራተኛ አለ፤ ከፊተኛው የተቀበለውን ጥቂት ለውጦ ለኋለኛው ያስተላልፋል። ጠጁን አረፋ የሚያስወጣው አየር የሚለቀቀው በዐሥራ አንደኛው ደረጃ ላይ ነው፤ አልኮሉ የሚወጣው በዐሥራ ሁለተኛው ነው። ካንዱ ደረጃ ላይ ያለው ሠራተኛ ሥራውን ቢተው የኋለኞቹ ሁሉ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፥ ጋኑም ማር እንደ ሆነ ይቀራል።

ይህን መንገድ ለማወቅ አርባ ዓመት ያህል ፈጅቷል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ቡክነር በ1897 (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) እርሾን ደቍሶ፥ ሕይወት የሌለው ጭማቂው ብቻውን ስኳርን እንደሚያፈላ አሳየ። እንግሊዛዊው አርተር ሃርደን ለዚህ ሥራ ፎስፌት እንደሚያስፈልግ አገኘ። ከነሱ በኋላ ኤምብደን፥ ማየርሆፍና ፓርናስ የመንገዱን ክፍል በየፊናቸው መረመሩ፤ መንገዱም እስከ ዛሬ በሦስቱ ስም ይጠራል። ያንዱ ሥራ ወደ ሌላው እየተላለፈ ባይሆን ኖሮ ማንም ብቻውን ባልጨረሰው ነበር። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ፓርናስ በ1949 በሞስኮ እስር ቤት ውስጥ ሞተ፤ ያገኛቸው ደረጃዎች ግን አስቀድመው ለዓለም ተሰጥተው ነበርና ከርሱ ጋር አልታሰሩም።

እንዲህ ያሉት መንገዶች ዛሬ በሺሕ ይቈጠራሉ፤ ያንድ ሰው አእምሮም አይዘልቃቸውም። ስለዚህ በ1995 በጃፓን፥ በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ፥ ኬግ የሚባለው ቋት ተጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ሪአክቶም በሚባለው ቋት ውስጥ አንድ መንገድ ሲገባ ነገሩን የሚያውቅ ሊቅ ያዘጋጀዋል፥ የቋቱ ጠባቂዎች መልክ ያስይዙታል፥ ሌላ ሊቅ ደግሞ ይመረምረዋል። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ምስክር ይጠየቃል፤ ማን አየው? በየትኛው ጽሑፍ ገለጸው? በሰው አካል ታይቷልን ወይስ በአይጥ? በአይጥ ታይቶ በሰውም እንዲሁ ይሆናል ተብሎ የተገመተ እንደ ሆነ፥ ግምትነቱ ተለይቶ ይጻፋል። በ2008 የተከፈተው ዊኪፓዝዌይስ ደግሞ በሩ ሰፊ ነው፤ የፈለገ ሊጨምርና ሊያርም ይችላል፤ ማን ምን እንደ ለወጠ ግን ተመዝግቦ ይኖራል።

እኔ በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት የነበሩ አንድ የሳይንስ መምህር በደብተራችን ላይ «አየሁ»ንና «ተነገረኝ»ን ለይተን እንድንጽፍ ያስገድዱን ነበር። ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ቴርሞሜትሩን ሳያይ ከመጽሐፍ ቀድቶ «አየሁ» ብሎ የጻፈ ልጅ፥ ቍጥሩ ትክክል እንኳ ቢሆን ዜሮ ያገኛል። ያን ጊዜ ክፋት ይመስለን ነበር። በኋላ እኔም መምህር ሆኜ ሠላሳ ዓመት ከጠመኔ ጋር ስኖር ግን ከዚያ የበለጠ የሥነ ምግባር ትምህርት አላገኘሁም። በችሎትም ቢሆን የሰማ ምስክር ካየ ምስክር ጋር እኩል አይቆምም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ፤ ዕውቀት የማን ነው?

እኔ ከምኖርበት ከቀራንዮ ብዙ ሳይርቅ ዘነበ ወርቅ የሚባለው ሰፈር አለ። ድሮ የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ሆስፒታል በመሆኑ ስሙ በፍርሃት ይነሣ ነበር። በ1965 በዚያው ስፍራ አለርት የተባለው የሕክምናና የማሠልጠኛ ማእከል ተቋቋመ፤ በ1970 ደግሞ በአጠገቡ የምርምር ተቋም ተመሠረተ። የምርምሩ ተቋም የተሰየመው የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 ባየው ኖርዌያዊ ሐኪም፥ በአርማወር ሃንሰን ስም ነው።

የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ፎሌት የሚባለውን ንጥረ ነገር ራሱ ሠርቶ ይኖራል። እኛ ግን አንሠራውም፤ ከጐመንና ከባቄላ እናገኘዋለን። ዳፕሶን የተባለው መድኃኒት የባክቴሪያውን የፎሌት መንገድ ካንድ ደረጃ ላይ ይዘጋበታል፤ በእኛ አካል ያ መንገድ ስለሌለ የእኛን ፎሌት አያጐድልም። ነገሩ አንድን ቤት ውሃ ለመከልከል የወንዙን ጠለፋ ከላይ እንደ መድፈን ነው። ዳፕሶን ለብዙ ዓመታት ብቻውን ይሰጥ ነበር። ነገር ግን በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ የነበሩ ሐኪሞች መድኃኒቱን እየዋጡ ሕመሙ የሚመለስባቸውን ሰዎች አገኙ። ባክቴሪያው ያንን ደረጃ የሚሠራውን ኤንዛይም ጥቂት ለውጦ ከመድኃኒቱ አምልጦ ነበር። ከሕመምተኛው ቆዳ የተወሰደው ባክቴሪያ በአይጥ መዳፍ ውስጥ ይዘራል፥ አይጧም ዳፕሶን ትበላለች፤ ባክቴሪያው እንዲያም ሆኖ ከበዛ መድኃኒቱን እንደ ተቋቋመ ይረጋገጣል። እዚህ የታየው ነገር በሌላ አገር ከታየው ጋር ተደምሮ፥ የዓለም የጤና ድርጅት የጠራቸው ሊቃውንት በ1981 እንደ ሕመሙ ዐይነት ሁለት ወይም ሦስት መድኃኒት ባንድነት እንዲሰጥ መከሩ። በዚህ ምክር በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሰዎች ድነዋል።

በ2001 ደግሞ የዚህ ባክቴሪያ የዘር ጽሕፈት ተነብቦ ለሁሉ ተከፈተ። ከ1,100 የሚበልጡ ጂኖቹ የማይሠሩ ፍርስራሾች ሆነው ተገኙ፤ ብዙዎቹ መንገዶቹ ካንድ ስፍራ ላይ የተቋረጡ ናቸው። ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ ይህን ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ለማብቀል ሞክረው ያልሆነላቸው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ከዚህ ብዙ ተረዱ፤ ራሱን ችሎ መኖር ትቶ ከሰው አካል የሚለምን ሆኗል። የተቋረጠ መንገድ ተቋርጧል ተብሎ ሲጻፍ ደኅናውን መንገድ ያህል እንደሚያስተምር ከዚህ እንመለከታለን።

አንባቢዬ፥ እስቲ ልብ በል። በኮምፒዩተር ላይ የፎሌትን መንገድ የሚሥል ሰው ካንድ ቃል ወደ ሌላ ቃል ትንሽ ቀስት ይስባል። ያቺ ቀስት በማን ተገዛች? ሐኪሙ ደክሞባታል፥ የላቦራቶሪው ሠራተኛ ዐይኑን አፍዝዞባታል። ነገር ግን ከሁሉ በፊት የከፈለባት ከመንደሩ ተለይቶ፥ ከትዳሩ ተፈትቶ፥ በእግሩ ተጕዞ ዘነበ ወርቅ የደረሰው፥ ከጆሮው ጫፍ ላይ በምላጭ ተጭሮ ናሙና የሰጠው ሕመምተኛ ነው። ስሙ በመጽሔቱ ላይ የለም፤ ሊኖርም አይገባውም ይሆናል፥ የሕመምተኛ ምስጢር ነውና። ይሁን እንጂ ስሙ አለመጻፉ ዋጋውን አያስቀርም። እንግዲህ ሊቁ በእጁ የያዘው ነገር ሁለንተናው የራሱ አይደለም። የድካሙ ዋጋ የራሱ ነው፥ ክብሩም ይገባዋል፤ ዕውቀቱ ግን ከብዙ ሰው ተቀብሎ የያዘው አደራ ነው። በእኛ አገር ሌባ ከተባለ ሰው ይልቅ አደራ በላ የተባለ ሰው ይነወራል፤ ሌባ የወሰደው ያልሰጡትን ነው፥ አደራ በላ ግን አምነው የሰጡትን ነው።

አደራ ሁለት ነገር ያስገድዳል። አንዱ መመለስ ነው፤ ሁለተኛው የተቀበሉትን ሳይበላሽ መመለስ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይናገራል፥ ሁለተኛውን ይረሳል። ጤፍ ሰጥቶ እንክርዳድ ቀላቅሎ ቢገኝ ማን ያመሰግነዋል? እንክርዳድ የገባበትን እንጀራ የበላ ሰው ራሱን ያዞረዋል፥ ሞሰቡን ያቀረበችውን እመቤት እንጂ እህሉን ያመጣውን ሰው ግን አይጠረጥርም። የጋራ ቋትም እንዲሁ ነው። አንድ ቸኵሎ የተጻፈ ደረጃ፥ በሩቅ አገር ላለ ተመራማሪ የሁለት ዓመት ድካም ያባክንበታል፤ ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ እንኳ ሳያውቅ ራሱን ይወቅሳል። ዛሬ ደግሞ ኮምፒዩተር ራሱ ብዙ ጽሑፍ ባንድ ጊዜ አንብቦ መንገድ መገመት ጀምሯል። ፍጥነቱ ያስደንቃል፤ እኔ ግን ወፍጮው በፈጠነ ቍጥር ለቃሚዋ የበለጠ መትጋት እንዳለባት ነው የሚታየኝ።

ይህን ስናገር ከአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ጋር ያደረግነውን ክርክር አስታውሳለሁ። በሕክምና ምርምር ላይ የሚሠራ ወጣት ነው። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ከሚጠቀምባቸው መንገዶች ስላንዱ የወራት ጥናት አድርጎ፥ ከተባሉት ቋቶች ወዳንዱ ሊያስገባው አስቦ ነበር። ባልደረቦቹ ግን ተቃወሙት። እሑድ ዕለት ቤቴ መጥቶ ቡና ስንጠጣ፥ «ጋሼ፥ እኛ በነፃ እንሰጣለን፤ ባለ ገንዘቦቹ ወስደው በፓተንት ያጥሩታል። ከዚያ በኋላ የራሳችንን ነገር በዶላር እንገዛለን። ይህ ሞኝነት አይደለምን?» አለኝ።

ክርክሩ ቀላል አይደለም፥ በንቀትም ሊመለስ አይገባውም። በጤፍ ላይ የደረሰውን እናውቃለን። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ተቋማት ካንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ውል ተዋዋሉ፤ በ2007 ደግሞ የጤፍ ዱቄትን ስለ ማዘጋጀት የአውሮፓ ፓተንት ለውጭ ሰው ተሰጠ። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፥ ከውሉ ይገኛል የተባለውም ጥቅም ሳይገኝ ቀረ፤ ፓተንቱ ግን በሌላ እጅ ቆየ። እናቶቻችን ስንት ዘመን ሲፈጩት የኖሩትን እህል ፈረንጅ ፈጠርሁት ሲል መስማት ያስቈጣል። በመጨረሻ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት፥ ሁለት የውጭ ኩባንያዎች ተካሰው ቀርበው፥ በነገሩ ውስጥ ፈጠራ የሚባል የለም ብሎ ፓተንቱን በኔዘርላንድ ሻረው። ከሳሹም ተከሳሹም እኛ አልነበርንም።

ለተማሪዬ የነገርሁት ይህን ነው። የጤፉ ፓተንት ጤፍን በግልጽ ስላሳየን የመጣ ጉዳት አይደለም። የፓተንት መዝገብ ቤት አንድ ነገር አዲስ መሆኑንና አለመሆኑን ሲመረምር የሚያየው የሚጨበጥ ማስረጃ ነው፤ ቀኑ የታወቀ፥ ቦታው የታወቀ፥ ለሁሉ የተከፈተ ጽሑፍ። እናቶቻችን በቃል ብቻ የያዙት ነገር እዚያ ችሎት ላይ ቆሞ አይመሰክርም። በጋራ ቋት ውስጥ ከነቀኑ፥ ከነጸሐፊው፥ ከነምስክሩ የተቀመጠ ዕውቀት ግን በኋላ መጥቶ «እኔ አገኘሁት» የሚለውን ሰው ያሳፍራል። ምስጢር የሚዘረፈው ምስጢር በመሆኑ ነው፤ ሲዘረፍም ባለቤቱ መዘረፉን የሚያስረዳበት ወረቀት የለውም።

ነገር ግን አንድ ልዩነት ማድረግ አለብን፥ ያለዚያ ልግስና የተባለው በሰው ገንዘብ መለገስ ይሆናል። ያንድ ባክቴሪያ አካል እንዴት እንደሚሠራ የማንም ርስት አይደለም። የገበሬው ዘርና የመንደሩ መድኃኒት ግን ጠባቂ ባለቤት አላቸው፤ ስለዚህም በ2006 የወጣው አዋጅ ቍጥር 482 የማኅበረ ሰቡን መብት ይጠብቃል። ከአንዲት ባልቴት የሰማኸውን ቅጠል ሳታስፈቅዳት ወደ ቋት ብታስገባ፥ የሰጠኸው የራስህን አይደለም። አስፈቅደህ ስታስገባም ከማን እንዳገኘኸው ጻፍ፤ ስሟ እንዲጻፍ ካልወደደች መንደሯን ጻፍ።

ይህን የምለው የእንዶድን ታሪክ እያሰብሁ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፥ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ ግድ ይሆንበታል፤ ቀንድ አውጣው ከሞተ የትሉ መንገድ ተቋረጠ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ፍሬው ተመርምሮ፥ ቀንድ አውጣን የሚገድለው ንጥረ ነገር በአክሊሉ አባት ስም ለማቶክሲን ተባለ። እርሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ይህ ክብር ይገባቸዋል፤ ያየ ሁሉ አያስተውልምና። ግን በእንዶድ ነጠላ ማንጻትን ከእናቶቻቸው ተምረው፥ ያን ዕለት በወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ልብስ ሲወቅጡ የነበሩት ሰዎች ስማቸው ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። እነሱ ባያጥቡ ኖሮ ሊቁ ምን ያዩ ነበር?

ተማሪዬ በዚህ ሁሉ አልተረታም፤ ልጁ ድሮም ክርክር ይወድ ነበር። ስለ ፓተንቱ የተናገርሁትን ተቀበለ፥ ድካሙን ግን ማን ይከፍለኛል አለ። በዚህ በኩል የያዘው እውነት ነው። ቋቱ ስሙን ይጽፍለታል እንጂ ደመወዝ አይሰጠውም፤ እዚህ አገር ደግሞ ለደረጃ ዕድገት የሚቈጠረው በመጽሔት የታተመ ጽሑፍ ነው። መልቀምና ማበጠር እንደ ሥራ የሚቈጠርበት ደንብ ማውጣት የአለቆች ፈንታ ነው፤ እስከዚያው ድረስ ሸክሙ በፈቃደኞቹ ትከሻ ላይ መውደቁ ፍትሕ አይመስለኝም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሥራውን ይዞ መጣ። ዘጠኝ ደረጃ ያለው ሥዕል ነበር። ከዘጠኙ ስምንቱ ምስክር ነበራቸው፤ ስድስተኛው ግን የታየው በነቀርሳው ባክቴሪያ ሳይሆን በሌላ ዘመዱ ነው። ስድስተኛውን እንደ ሌሎቹ በሙሉ መሥመር ቢሥለው ሥዕሉ የተሟላና ያማረ ይሆንለት ነበር፤ ማንም ቶሎ አያውቅበትም። እርሱ ግን በነጠብጣብ አድርጎት፥ ከሥሩ «በዘመዱ የታየ፥ በራሱ ያልተረጋገጠ» ብሎ ጽፎበታል። መርማሪዎቹ ሁለት ጊዜ መልሰውለት ሌላ ሌላውን ካረመ በኋላ ገባለት። ነጠብጣቡ ግን እንዳለ ነው፤ ደረጃውን በነቀርሳው ባክቴሪያ ራሱ የሚመረምር ሰው እስኪገኝ ድረስ።